ስሜ ላይ መስመር፣ ኩላሊቴ ላይ በረዶ

በሕይወት እያለሁ ስሜን ሰርዘውታል። የሰረዘው ሀንዲሶ ነው። ሀንዲሶ በሆሳዕና መናኸሪያ ሃያ ሁለት ዓመት አብሮኝ ጭነት የጫነና ያወረደ፣ እኔ ከታች ጆንያ ሳቀብል እሱ ከአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ሲቀበለኝ የኖረ የሆመቾ ሰው ነው። ስሜ የተሰረዘበት ደብተር የበሬ ማኅበራችን ደብተር ነው፤ በእኛ ዘንድ ቱታ ይባላል። ዘጠኝ ወንዶች ሆነን ዓመቱን ሙሉ እያጠራቀምን ለመስቀል አንድ በሬ እንገዛለን፤ አብረን እናርዳለን፤ እኩል እንካፈላለን። እዚህ አገር አንድ ወንድ ከቱታው ወጣ ከተባለ ወይ ሞቷል፣ ወይ አገር ለቋል። እኔ አልሞትኩም። አገርም አልለቀቅኩም። ኩላሊቴ ላይ ካንሰር ተገኘብኝ እንጂ።

ይህን የምጽፈው ሀንዲሶን ለመክሰስ አይደለም፤ የምለውን ፊት ለፊት ብዬዋለሁ። የምጽፈው ሐኪም ፊት ተቀምጣችሁ «ዕጢ» የምትለዋን ቃል ሰምታችሁ፣ ከዚያ በኋላ የተባለውን አንድም ሳትሰሙ ወደ ቤታችሁ ለተመለሳችሁ ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ አንድ ዓመቴ በጎልማሶች ትምህርት ነውና ጽሑፌ ከከበዳችሁ እንደ ሸክም አረፍ እያላችሁ አንብቡት።

በ2005 ዓ.ም. መጋቢት ላይ፣ አንድ ጠዋት ሽንቴ ቀይ ሆኖ ወጣ። አላመመኝም። አላቃጠለኝም። ትኩሳት አልነበረኝም። ማታ ቀይ ሥር በልቼ ይሆናል ብዬ አሰብኩ፤ አልበላሁም ነበር። ከሰዓት በኋላ ጠራ። በማግስቱም ደህና ነበር። ረሳሁት። እስከ ዛሬ የምጸጸተው በዚያች መርሳት ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሰ። ለሀንዲሶ ነገርኩት።

«ብርድ ነው» አለኝ፣ ዞር ብሎ እንኳ ሳያየኝ። «ላብህ ሳይደርቅ ጣሪያ ላይ ትወጣለህ። ኩላሊትህን ብርድ መቶሃል።»

በእኛ ከተማ ብርድ የማይከሰስበት በሽታ የለም። ወገብህን ቢይዝህ ብርድ ነው። ሆድህ ቢነፋ ብርድ ነው። ሚስትህ ብታኮርፍም ብርድ ገብቷት ይሆናል የሚል አይጠፋም። እኔም አመንኩ። ጡብ እሳት ላይ አግዬ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ጎኔ ላይ አድርጌ መተኛት ጀመርኩ። ሚስቴ ታደለች የዱራሜ ልጅ ናት፤ የመጣላትን ቃል ወደ ኋላ አትመልስም።

«የማርቆስ አባት፣ ጡብ ሽንት ያጠራል ያለህ ማነው? ሐኪም ቤት ሂድ።»

ሄድኩ። አንድ ክሊኒክ ሽንቴን አይተው «ኢንፌክሽን ነው» አሉና ኪኒን ሰጡኝ። ኪኒኑን ስጨርስ ሽንቴ ጠራ። በኪኒኑ ሳይሆን በራሱ ጊዜ እንደጠራ ያወቅኩት ኋላ ነው። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሁለት ወር አጠፋሁ።

ግንቦት ላይ የረጋ ደም ወጣ። ሆስፒታል ገባሁ። አልትራሳውንድ አነሱኝ። የምታነሳኝ ልጅ መጀመሪያ ታጫውተኝ ነበር። ከዚያ ዝም አለች። የቀኝ ጎኔን አየች። የግራውን አየች። ተመልሳ የቀኙን አየች። ወረቀቱን ይዤ ሐኪሙ ዘንድ ገባሁ።

«የግራ ኩላሊትዎ በጣም ትንሽ ናት» አለኝ። «ምናልባት ከልጅነትዎ ጀምሮ አትሠራም። እስካሁን የኖሩት በቀኟ ነው።»

«እሺ።»

«በቀኟ ላይ ዕጢ አለ።»

እሺ አላልኩም።

አዲስ አበባ ላኩኝ። ሲቲ ስካን ተነሳሁ። በመርፌ ቁራጭ ወሰዱ፤ ባዮፕሲ ይሉታል። ውጤቱ ሪናል ሴል ካርሲኖማ ሆነ። ስሙን እየደጋገምኩ አስጠርቼ በአማርኛ ፊደል ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ጠላቴን በስሙ ማወቅ እወዳለሁ።

እዚያ ያገኘኋት ዶክተር ወጣት ናት። አታባብልም። ለዚህ ነው የወደድኳት።

«ጋሼ ሎምቤቦ፣ ዕጢው ሁለት ነጥብ ስምንት ሴንቲ ሜትር ነው። ትንሽ ነው፤ ወደ ሌላ ቦታም አልሄደም። ሌላ ሰው ቢሆን ኩላሊቱን አንስተን እንገላገል ነበር። እርስዎ ግን ሌላ የለዎትም። ካነሳናት ዕድሜ ልክዎን ደም በሚያጥብ መሣሪያ፣ በዲያሊሲስ ነው የሚኖሩት።»

«ሆሳዕና ዲያሊሲስ አለ?»

«የለም።»

«ዕጢውን ብቻ ቆርጣችሁ አውጡታ።»

«የተቀመጠበት ቦታ ለቢላ አይመችም። ስንቆርጥ ኩላሊቷን ልናጣት እንችላለን።»

«እንግዲያው ሌላ ነገር ንገሪኝ።»

ያን ጊዜ ነው ክራዮአብሌሽን የሚለውን ቃል የሰማሁት። በሲቲ ስካን እያዩ ቀጫጭን መርፌዎች ከጀርባ በኩል ዕጢው ውስጥ እንደሚያስገቡ፣ በመርፌዎቹ ጫፍ ላይ በረዶ እንደሚሠሩ፣ ዕጢው በበረዶው እንደሚሞትና የቀረው ኩላሊት እንደሚተርፍ ነገረችኝ። እዚህ አይሠራም፤ ሕንድ ይሠራል አለች።

«በረዶ?» አልኳት።

«በረዶ።»

ሁለት ወር ሙሉ ጡብ ያጋልኩለት ኩላሊት ለካ ሲጠብቅ የኖረው በረዶ ነው።

ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ያለው ታናሽ ወንድሜ ኤርሳዶ በስልክ «ወጪው የእኔ ነው፤ አንተ ፓስፖርት አውጣ» አለኝ። ስለዚህ ከዚህ በላይ አልጽፍም። ሲነሳ ያስለቅሰኛል፤ እኔ ደግሞ ማልቀስ አልወድም።

ነሐሴ ላይ ልብስና ወረቀት ልይዝ ወደ ሆሳዕና ተመለስኩ። የቱታው ጸሐፊ እኔ ነኝ፤ ከዘጠኙ ፊደል የማውቀው እኔ ብቻ ስለሆንኩ ደብተሩ ሁልጊዜ እኔ ቤት ነው የሚቀመጠው። ስፈልገው አጣሁት። ታደለች «ሀንዲሶ ወሰደው» አለችኝ። መናኸሪያ ወረድኩ። ከትኬት መሸጫው አጠገብ ካለችው ሻይ ቤት ከጓደኞቻችን ጋር ተቀምጧል። ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ነው። ገለጥኩት። የመጀመሪያው ስም የእኔ ነው፤ ጸሐፊ ሲጽፍ ከራሱ ይጀምራል። ስሜ ላይ መስመር ተሰምሯል። ቀጥ ያለ መስመር። የክብሪት ቀፎ አስደግፎ ነው ያሰመረው።

ሀንዲሶ ማንበብ አይችልም። መጻፍም አይችልም። ስም ለመጻፍ ፊደል ያስፈልጋል፤ ለመሰረዝ ግን እስክሪብቶ ብቻ ይበቃል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ምኑ?»

«ስሜ ላይ ያለው።»

ሻዩን አማሰለ። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል። «ሎምቤቦ፣ አንተው ታውቀዋለህ። አባል የሞተበት ቱታ በሬው አይጥምም። የእነዚያ የሹፌሮቹ ቱታ አምና ነሐሴ ላይ ሰው ሞቶባቸው መስቀልን እያለቀሱ ነው የበሉት። እኛስ ለምን?»

«እኔ ሞቻለሁ?»

«አልሞትክም። ሂድና ዳን። ስትመለስ እናየዋለን።» ከዚያ ጨዋታ ሊለውጥ ፈልጎ «ለመሆኑ በምንድን ነው የሚያክሙህ?» አለኝ።

ዝም ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። «በበረዶ» አልኩት።

ሻይ ቤቱ በሳቅ ሞላ።

«በብርድ የመጣውን በብርድ?» አለ ሀንዲሶ። «ታዲያ ሕንድ ድረስ ምን አደከመህ? እዚሁ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ እናሳድርሃለን። ጠዋት ድነህ ትወርዳለህ።»

እውነቱን ለመናገር ነገሩ ያስቃል። በሌላ ቀን ቢሆን እኔም እስቅ ነበር። ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ። ሞትን የፈራሁት ያን ዕለት ነው። አዲስ አበባ ስለ ካንሰሩ ሲነግሩኝ አልነበረም። የሚያውቁኝ ሰዎች ያለ እኔ መኖር ሲለማመዱ ሳይ ነው።

ለብቻዬ ሄድኩ። አስታማሚ አልነበረኝም። ዴልሂ ስደርስ ሂሩት የምትባል የድሬዳዋ ልጅ፣ እዚያ ለሐበሻ ሕመምተኞች የምታስተረጉም፣ ተቀበለችኝ። የሕንዱ ሐኪም ጺሙ የሸበተ ነው። ወረቀት ላይ ኩላሊቴን ሳለ። ዕጢውን በክብ አሳየኝ። ከዚያ በዕጢው ዙሪያ ሌላ ተለቅ ያለ ክብ ሠራ።

ሂሩት ተረጎመችልኝ። «ዕጢው ትንሽ ሎሚ ያህላል ይልሃል። የበረዶውን ኳስ ከሎሚው ትንሽ አስበልጠው ነው የሚሠሩት። ጠርዙ ላይ አንድም ሕዋስ ማምለጥ የለበትም።»

«አንጀቴንስ ቢነካው?» ብለሽ ጠይቂልኝ አልኳት።

ሐኪሙ ጥያቄውን ወደደው። በአንጀቱና በኩላሊቱ መካከል ውሃ በመርፌ አስገብተው እንደሚያራርቋቸው ነገረኝ። ሥራህ ምንድን ነው አለኝ። ጫኝና አውራጅ ነኝ አልኩት። ሳቀና አንድ ነገር አለ።

«እንግዲያው ጠርዙ ላይ ያለ ጆንያ እንደሚወድቅ ታውቃለህ አለህ» አለች ሂሩት። ሰውዬው ከዚያ በኋላ አላስፈራኝም። የሥራዬን ቋንቋ ተናግሯል።

መስከረም 14 ቀን 2006 ዓ.ም. አስገቡኝ።

በሆዴ አስተኙኝ። የሚያፈዝ መድኃኒት ሰጡኝ። ጀርባዬን አደነዘዙ። ሲቲ ስካኑ ወደ ውስጥ ወሰደኝ። አወጣኝ። ወሰደኝ። መርፌ ገባ። ግፊቱ ተሰማኝ፤ ሕመሙ አልተሰማኝም። ሁለተኛ መርፌ ገባ። ከዚያ ጋዝ ሲያፏጭ ሰማሁ። አርጎን ይሉታል፤ በረዶውን የሚሠራው እሱ ነው። ያን ፉጨት አውቀዋለሁ። የአውቶቡስ ፍሬን ሲለቀቅ እንደሱ ነው። መናኸሪያ ያለሁ መሰለኝ። አሥር ደቂቃ አቀዘቀዙ። ተዉት። እንደገና አቀዘቀዙ። ብርድ አልተሰማኝም። ጸለይኩ። ጸሎቴ አጭር ነበር። አንዷን ተውልኝ አልኩ። ሌላ አላልኩም።

ሲያበቃ ቁስሉ ሁለት ትናንሽ ፕላስተር ብቻ ነው። ሐኪሙ ምስሉን አሳየኝ። ነጭ ኩላሊት መሐል ጥቁር እንቁላል ተቀምጧል። በረዶው እሱ ነው። ሎሚውን ሙሉ በሙሉ ውጦታል። ሐኪሙ በሌባ ጣቱ ዙሪያውን እያሳየ አንድ ቃል ብቻ አለ፤ ሂሩት ሳትተረጉምልኝ ገባኝ።

በመስቀል ዕለት ከሆስፒታሉ አጠገብ ባለ የእንግዳ ማረፊያ አልጋ ላይ ነበርኩ። ጎኔ እንደ ተደበደበ ያመኛል። ሽንቴ ሁለት ቀን ቀልቶ ጠርቷል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው ብለውኛል። ምሳዬ ምስርና ሩዝ ነበር። ታደለች ደወለች።

«ሀንዲሶ ሥጋ ላከልን» አለችኝ። «በኮባ ጠቅልሎ። ‹ለበሽተኛው ቤት› ብሎ።»

«ምን አደረግሽው?»

«ለድመቷ ሰጠኋት። ድመቷ ከእሱ ጋር ጠብ የላትም።»

ስስቅ ጎኔ ተቀደደ። ያን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ስወጣ የሰጡኝን ወረቀት ሂሩት አነበበችልኝ። ከባድ ነገር አታንሳ። ውሃ ጠጣ። ትኩሳት ከያዘህ ሐኪም ጋ ሂድ። በየጊዜው ሲቲ ስካን ተነሳ። ስለ እሳት ግን ወረቀቱ ምንም አላለም፤ ጥፋቱም ከዚህ ነው የጀመረው። እቤቴ ገብቼ፣ ጥቅምት የሆሳዕና ነፋስ እንደ ቢላ የሚሆንበት ጊዜ ነውና ታደለች እሳት አንድዳ «ና ሙቅ» ስትለኝ፣ አንድ ሐሳብ መጣብኝ። በረዶ ይቀልጣል። ኩላሊቴ ላይ ያለው በረዶ ከቀለጠ ሎሚው ይነቃል።

ይህን ሐሳብ ለማንም አልነገርኩም። ከእሳቱ ራቅኩ። ደጃፍ ላይ ያለ ጋቢ ተቀመጥኩ። ትኩስ ነገር አልቀመስኩም። ታደለች ቡላ ገንፎ ሠርታ በቅቤ አርሳ ስታቀርብልኝ «እስኪበርድ ይቆይ» አልኳት። የቀዘቀዘ የቡላ ገንፎ በልታችሁ ታውቃላችሁ? ግድግዳ ለመምረግ ይሆናል፤ ለጉሮሮ አይሆንም። እንደምንም ዋጥኩት። ሻይ በረዶ እስኪመስል አቀዝቅዤ ጠጣሁ። ገላዬን በቀዝቃዛ ውሃ ታጠብኩ። ልቤ ግን ኩራት ተሰምቶት ነበር፤ ሐኪሞቹ የሠሩትን ሥራ እኔ እጠብቅላቸዋለሁ።

ሚስቴ ያለችበት የሴቶች የቅቤ ማኅበር አለ፤ ዊጆ ይባላል። ቅቤ ያዋጡና በየተራ አንዷ ትወስዳለች። የወንዶቹ ቱታ ስሜን ሲሰርዝ የሴቶቹ ዊጆ ምን አደረገ መሰላችሁ? ተራዋ ሳይደርስ ለታደለች ሰጧት። «በሽተኛው ይቀባ፣ ይጠጣ» ብለው። ቅቤውን ተሸክመው ሲመጡ እኔ ነፋስ ላይ በሸሚዝ ተቀምጬ አገኙኝ። እትዬ ወርቅነሽ፣ ትልቋ፣ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ታደሉ፣ ሰውዬሽ ራሱን ማቀዝቀዣ ውስጥ ሊያስቀምጥ ነው እንዴ?»

«ሕንድ ሄዶ ኩላሊቱን አድኖ መጣ» አለች ታደለች። «አእምሮውን ግን እዚያው ነው የተወው።»

በአሥራ አንደኛው ቀን አስነጠሰኝ። ከዚያ አንቀጠቀጠኝ። ከዚያ ትኩሳት መጣ። ትኩሳት ማለት ሙቀት ነው። ከውስጥ የሚመጣ ሙቀት። ይህን ምን አድርጌ ላቀዝቅዘው? አለቀልኝ አልኩ። አዲስ አበባ ያለችውን ዶክተር ደወልኩላት። ያልነገርኩትን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኳት። እሳቱን፣ ገንፎውን፣ ቀዝቃዛውን ውሃ።

ከዚያ ስትስቅ ሰማኋት። ልትደብቀው ሞከረች፤ አልሆነላትም።

«ጋሼ ሎምቤቦ፣ በረዶው እኮ ሕንድ ነው የቀረው። ከጠረጴዛው ሳይነሱ ቀልጧል። እነሱ ራሳቸው ናቸው ያቀለጡት። ዕጢውን የገደለው መቀዝቀዙ ብቻ አይደለም፤ ቀዝቅዞ መቅለጡ፣ እንደገና ቀዝቅዞ መቅለጡ ነው። የሞተ ሕዋስ በእሳት አይነቃም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ። ግን ትኩሳቱን ዛሬውኑ ሆስፒታል ሄደው ይታዩ፤ ቁስሉን አይተው ደም ይመርምሩ። ከዚያ እቤትዎ ይግቡና እሳት ይሙቁ። እኔ አዝዣለሁ።»

ሄድኩ። መረመሩኝ። ጉንፋን ነው። አሥራ አንድ ቀን ነፋስ ላይ የተቀመጠ ሰው የሚይዘው ተራ ጉንፋን። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ብርድ መቶኛል ብል ማንም የማይከራከረኝ በሽታ ያዘኝ።

ማታውን ታደለች እሳቱን አነደደች፤ እኔም ጋቢዬን ደራርቤ እስኪያልበኝ ተጠግቼ ተቀመጥኩ፤ ቡላው እየተንተከተከ ከድስቱ ወጥቶ፣ የሴቶቹ ቅቤ መሐሉ ላይ ቀልጦ ወርቅ መስሎ እየፈሰሰ ሲቀርብልኝ፣ ምላሴን አቃጥሎኝ እንባዬ እስኪመጣ እየበላሁ፣ የሆንኩትን ሁሉ ነገርኳት፤ እሷም ሰምታ ስትጨርስ ማንኪያውን አስቀምጣ፣ በሆዷ እስክትተኛ ድረስ ሳቀች፤ እኔም ጎኔ ምንም ሳያመኝ አብሬያት ሳቅኩ፤ በማግስቱም ለዊጆዋ ሴቶች ሁሉ አወራችው፤ ከዚያ ወዲህ በገበያ ሳልፍ «ጋሼ በረዶ፣ ፀሐይ ወጥቷል፣ ጥላ ያዝ» የማይለኝ የለም።

ታኅሣሥ ላይ የመጀመሪያውን ሲቲ ስካን ተነሳሁ። ኩላሊቴ አንድ ስለሆነች ምስሉን የሚያጎላውን ቀለም ከመውጋታቸው በፊትም በኋላም ውሃ በደም ሥር ሰጡኝ። ዶክተሯ አሳየችኝ፤ ቀለሙ በኩላሊቱ ሁሉ ገብቷል፤ ሎሚው ዘንድ ሲደርስ ግን ቆሟል። ደም የማይሄድበት ነገር የሞተ ነው አለችኝ። መጋቢት ላይም እንደዚያው። ሎሚው እየተጨማደደ ነው። የኩላሊቴን ሥራ በደም የሚለኩበት ክሬያቲኒኔም በፊት ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። ወደ መናኸሪያ ተመለስኩ፤ ጆንያ ሳልሸከም፣ ጭነት እየመዘገብኩ። ከሀንዲሶ ጋር በሥራ ካልሆነ አንነጋገርም ነበር። ቱታውም ሁለተኛ ዓመቱን ያለ እኔ ጀምሯል። ስትመለስ እናየዋለን ያለኝ ሰው አላየውም።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት ሀንዲሶ በራፌ ላይ ቆመ። ጤናዬን ጠየቀኝ። የልጆቼን ጤና ጠየቀኝ። የድመቷን ጤና ሊጠይቀኝ ምንም አልቀረውም።

«መጀመሪያ ሲጀምርህ… ያምህ ነበር?» አለኝ።

«ለምን ጠየቅከኝ?»

«እንዲያው።»

አየሁት። ፊቱ አመድ መስሏል። «ቀይ ነው?» አልኩት።

መሬት መሬት አየ።

«ስንተኛ ጊዜህ ነው?»

«ሦስተኛ።»

«ምን አደረግክበት?»

«ጡብ» አለ።

እዚህ ላይ አልዋሻችሁም። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ደስ አለኝ። በደብተር ሙሉ ስሞች መካከል የማን ስም ይሰረዝ እንግዲህ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ እጁን አየሁ። እስክሪብቶ እንኳ በቅጡ ሳይዝ ስሜን የሰረዘው እጅ ጎኑን ጥብቅ አድርጎ ይዟል። የእኔም እጅ በግንቦት እዚያው ነበር። ጫማዬን አደረግኩ። «ቅደም» አልኩት።

አልትራሳውንድ ክፍሉ በር ላይ አብሬው ተቀመጥኩ። ያችው ልጅ ናት ያነሳችው። ውስጥ ስታወራው ይሰማኛል። ዝም ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። አላለችም። እያወራችው ጨረሰች። ጠጠር ነው። የኩላሊት ጠጠር። ሐኪሙ መድኃኒት ጽፎለት፣ ብዙ ውሃ ጠጣ ብሎት ወጣን።

ሀንዲሶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። «ሎምቤቦ፣ አጥፍቻለሁ» አለ። «ስምህን እመልሰዋለሁ። ልጄን አስጽፈዋለሁ።»

«አይሆንም።»

«ታዲያ አንተው ጻፈው። ጸሐፊው አንተ።»

«መስመሩን ማን አሰመረው?»

«እኔ።»

«ስሜንም የምትጽፈው አንተ ነህ።»

«እኔ ፊደል መች አውቃለሁ? አምሳ ስምንት ዓመቴ ነው።»

«እኔም በአርባ አንድ ዓመቴ አላውቅም ነበር። ውሃህን ጠጣ፣ ነገ ካርቶን ይዘህ ና።»

ያን ክረምት አውቶቡስ እስኪሞላ ድረስ በምንጠብቅበት ጊዜ፣ ከመናኸሪያው ጣሪያ ሥር ተቀምጠን፣ በከሰል ካርቶን ላይ አስተማርኩት። ሰው ከቦ ይስቅብን ነበር። ሀንዲሶ ጆንያ በሁለት ጣቱ የሚያነሳ ሰው ነው፤ ከሰሉን ግን እየሰበረ አስቸገረኝ።

«አባትህ አጭር ስም አጥቶ ነው?» ይለኛል።

«አራት ፊደል ነው።»

«የእኔስ?»

«አራት።»

«እኩል ነን በለኛ» አለና ላቡን ጠረገ።

መስከረም 2007 እንደገባ የዓመቱን ሲቲ ስካን ተነሳሁ። ዶክተሯ ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አየችው፤ እኔ ደግሞ እሷን አየኋት፤ ከዚያ ወንበሯን ወደኔ አዞረችና «ጋሼ ሎምቤቦ፣ ሎሚው ጠባሳ ሆኗል። በዓመት በዓመት እንተያይ፤ ለመስቀል ግን ወደ አገርዎ ይግቡ» አለችኝ። ከአዲስ አበባ እስከ ሆሳዕና አውቶቡሱ ውስጥ ዘፈን ተከፍቶ ነበር፤ ከአጠገቤ የተቀመጠው ሰው የማያውቀኝ ሆኖ እያለ ስጨበጭብ አብሮኝ አጨበጨበ።

እግዚአብሔር ይመስገን። ያችን ዶክተር፣ ያን ባለጺም የሕንድ ሐኪም፣ ሂሩትን፣ ወንድሜ ኤርሳዶን፣ ቅቤያቸውን ያልሰሰቱትን ሴቶች አመሰግናለሁ። ታደለችን አላመሰግናትም፤ ባመሰግናት «አሁን ምን ልታዘኝ ነው?» ትለኛለች።

ለእናንተ የምለው ይህን ነው። ሽንታችሁ አንድ ጊዜ እንኳ ከቀላ፣ ባያማችሁም፣ በተለይ ባያማችሁ፣ አልትራሳውንድ ተነሱ። ደሙ በራሱ ሲጠራ መዳን አይምሰላችሁ፤ ብርድ ነው የሚላችሁን ሰው አመስግናችሁ እለፉት። የበረዶ ሕክምና ለሁሉም ዕጢ አይሆንም፤ ለትንሹና ላልተሠራጨው ነው የሚሆነው፤ ለእናንተ ይሁን አይሁን የምትወስኑት ከሐኪማችሁ ጋር እንጂ ከእኔ ጋር አይደለም። የሲቲ ስካኑን ሲዲ አትጣሉ፤ በሄዳችሁበት ሁሉ ከአሮጌው ጋር ያስተያዩታል። ደግሞ የፈራችሁትን ነገር፣ ሞኝነት ቢመስላችሁም፣ ጠይቁ። አሥራ አንድ ቀን ብርድ ላይ የተቀመጥኩት ባለመጠየቄ ነው። ሰው ታሞባችሁ ከሆነም ስሙን በቦታው ተዉት። ስም በመሰረዝ የሚመጣ፣ መርፌ የማይደርስበት ሕመም አለ።

በመስቀል ጠዋት፣ የእኔም መዋጮ ገብቶ፣ ዘጠኛችንም በሀንዲሶ ግቢ ተሰበሰብን። በሬው ታስሯል፤ ቢላው ተስሏል። ሀንዲሶ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ገለጠ። ድሮ ስጽፍ ከየስሙ ሥር ባዶ መስመር እተው ነበርና ከተሰረዘው ስሜ ሥር ቦታ አለ። መጻፍ ጀመረ። ምላሱ በከንፈሩ ጠርዝ ወጥታለች።

«ሀንዲሶ፣ በሬው አርጅቶ ሳይሞት ቶሎ በል» አለው አንዱ።

«ዝም በል» አለ ሀንዲሶ። «ሰው እየመለስኩ ነው።»

ፊደሎቹ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች ሆኑ፤ የመጨረሻው ከመስመሩ አልፎ ወጣ። ደብተሩን ወደኔ አዞረ። አነበብኩት። ስሜ ነው።

መስከረም 17 ቀን 2007 ዓ.ም.